በኩር አይጥ

መርካቶ ውስጥ ሁሉም ነገር ተራ አለው። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ አውቶቡስ ተራ። እዚህ ያደገ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ምን የት ተራ እንደሚሸጥ ያውቃል። ቃሉ ራሱ ግን አንድ ትርጉም ይዞ አይቀመጥም፤ ቦታም ነው፣ ወረፋም ነው፣ «ተራ ሰው» ስንል ደግሞ ደረጃም ነው። ዛሬ የማወራችሁ ሦስቱም ስለሚገናኙበት ተራ ነው፤ ስለ ልደት ተራ። በኩር፣ መካከለኛ፣ የመጨረሻ።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት አጫጭር ቪዲዮዎች ይደጋገሙብኛል። «ሳይንስ አረጋገጠ» ብለው ይጀምራሉ። የመጀመሪያ ልጅ በተፈጥሮው ኃላፊነት የሚወድና የሚጨነቅ ነው፤ መካከለኛው አስታራቂ፤ የመጨረሻው ደፋርና ቀልደኛ። ማስረጃው? አንዳንዴ አይጥ ነው፣ አንዳንዴ ወፍ፣ አንዳንዴ ጦጣ። ስንት አይጥ? ከስንት እናት? ዝም። የሚያየው ሰው ግን ራሱን ያገኘ ይመስለዋል። «እኔን እኮ ነው የሚለው!»

እስቲ ስለ አይጧ እንነጋገር። አይጥ ሦስት ሳምንት ያህል ታረግዝና በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ሁሉም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። ታዲያ «በኩር» የምንለው የትኛውን ነው? ቀድሞ የወጣውን? እሱ ታናሹን አዝሎ አያውቅም፣ ውሃ አልቀዳም፣ «አንተ ትልቅ ነህ፣ ተውላት» አልተባለም። ወይስ እናቲቱ መጀመሪያ የወለደቻቸውን ሁሉ በሁለተኛው ከወለደቻቸው ጋር እናወዳድር? ያኔ ደግሞ የምናወዳድረው ልጆቹን ብቻ ሳይሆን እናቲቱንም ነው፤ ልምድ የሌላትን እናት ልምድ ካላት ጋር። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ላም ያረባ ገበሬ ሁሉ ጊደር መጀመሪያ ስትወልድ ወተቷ ከኋላ እንደሚገኘው እንደማይሆን ይነግራችኋል። በዚህ የተነሳ ጥጃው «ኃላፊነት የሚሰማው ጥጃ» ሆነ ያለ ገበሬ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ እህል በረንዳ ከብዙ መጽሔት የተሻለ ያስተምራል። እዚያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ «ማኛ ነው» ብሎ ብር ከቆጠረ ብዙ አይቆይም። ከላይ ያለው ለዓይን የተቀመጠ ሊሆን እንደሚችል ማንም ያውቃል። ስለዚህ ጫፉ የሾለ ቱቦ መሰል ብረት ወደ ጆንያው ሆድ ይሰዳል፤ ከመሃል ያያል፣ ከታች ያያል። አንድ ጆንያ አይቶም ስለ ሙሉ መኪና አይፈርድም። ከአንድ ጆንያ አሥር ጊዜ የዘገነ ሰው «አሥር ጆንያ አየሁ» ቢል ይሳቅበታል።

የእንስሳት ጥናቶች ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ጣጣ ይኸው ነው። የአንዲት አይጥ አሥር ልጆች አሥር ምስክሮች አይደሉም። አንድ ማህፀን፣ አንድ ጡት፣ አንድ ሳጥን ተጋርተዋል፤ ከአንድ ጆንያ የተዘገኑ አሥር እፍኞች ናቸው። እንደ አሥር ከተቆጠሩ የጥናቱ እርግጠኝነት ያላግባብ ያብጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ካትሪን በተንና ባልደረቦቿ የነርቭ ሳይንስ ጥናቶች ናሙና ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚያሳይ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። አንዱ ምሳሌያቸው ወንድና ሴት አይጦች ውሃ ውስጥ መንገዳቸውን ፈልጎ በማግኘት ይለያዩ እንደሆነ የሚመረምሩ ጥናቶች ናቸው። አንዱ ጥናት በአማካይ 22 እንስሳት ነበሩት። ልዩነቱን 80 በመቶ በሆነ ዕድል ለማየት የሚያስፈልገው ግን 134 ነው። ችግሩ ትንሽ ጥናት ልዩነቱን ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ሲያገኝም ያጋንናል። በ22 አይጥ ትንሽ ልዩነት ስለማይታይ፣ «ተገኘ» ተብሎ የሚታተመው በአጋጣሚ የገዘፈው ነው። ምንም ያላገኘው ጥናት ደግሞ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይህ እንግዲህ ወንድና ሴትን በመለየት ላይ ነው፤ በኩሩ የትኛው እንደሆነ እንኳ ባልለየለት ጉዳይ ላይ ደግሞ አስቡት።

እንስሳት ምንም አያስተምሩንም እያልኩ አይደለም። የእኛን ገደላማ ተራሮች ጨምሮ በአፍሪካ የሚኖረው የቬሮ ጥቁር ንስር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል። ቀድሞ የተፈለፈለው ጫጩት ታናሹን ወግቶ ይገድላል፤ ሁልጊዜ ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ዚምባብዌ ውስጥ ማቶቦ ኮረብታዎች ላይ በታየ አንድ ጎጆ ታላቁ በሦስት ቀን ታናሹን በመንቁሩ 1,569 ጊዜ ወግቶታል። ተቆጥሮ ነው። ልብ የሚያርድ ታሪክ ነው፤ ስለ ንስር ብዙ ይናገራል። ስለ እኔና ስለ ወንድሜ ግን ቢበዛ በልጅነታችን ስለተጣላንበት ሪሞት ያወራ ይሆናል።

አሁን ሌላ ወፍ ላሳያችሁ። ኢስላ ኢሳቤል በምትባል የሜክሲኮ ደሴት ላይ ሂዩ ድራመንድና ባልደረቦቹ እግራቸው ሰማያዊ የሆኑ የባሕር ወፎችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። እዚያም ታላቁ ጫጩት ታናሹን በየቀኑ እየወጋ ያስገብረዋል። እንዲህ ያደገ ታናሽ ሲጎለምስ ደካማ ሆኖ ይቀራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ አይደል? ለአቅመ መብረር የደረሱት ታናናሾች ግን በዕድሜም በመራባትም ከታላላቆቻቸው ጎልተው ሲያንሱ አልተገኙም። ሁለት ወፍ፣ ሁለት መልስ። የምትፈልጉትን ድምዳሜ ካወቃችሁ የሚስማማውን እንስሳ መርጣችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ እንደ መርካቶ ነው፣ ዞር ዞር ካላችሁ ይገኛል።

ሰው ራሱስ አልተጠናም እንዴ? ተጠንቷል እንጂ። መጀመሪያ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ አምስተኛ ልጅ የሚገኘው አምስት ልጅ ከተወለደበት ቤት ብቻ ነው። የአንዱን ቤት በኩር ከሌላው ቤት አምስተኛ ልጅ ጋር ያወዳደረ ሰው ሁለት ልጆችን ሳይሆን ሁለት ኑሮዎችን ነው ያወዳደረው። ይህን ተጠንቅቀው የሠሩት ዩሊያ ሮረርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያና ከጀርመን የተሰበሰበ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ አይተው፣ ተግባቢነትም ሆነ ጭንቀት ወይም ጠንቃቃነት በልደት ተራ ሲለያይ አላገኙም። በዚያው ዓመት ሮዲካ ዳሚያንና ብሬንት ሮበርትስ 377 ሺህ የአሜሪካ ተማሪዎችን መረጃ መርምረው ያገኙት ልዩነት ከምንም የማይቆጠር ነበር።

የሚቀረው የአእምሮ ፈተና ውጤት ነው። እዚያ ትንሽ ልዩነት አለ። ፔተር ክሪስተንሰንና ቶር ብየርከዳል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ከ240 ሺህ በላይ የኖርዌይ ወጣቶች ለውትድርና ሲመዘገቡ የወሰዱትን ፈተና አይተዋል። በኩሮች ከሁለተኛ ልጆች በአማካይ ሁለት ነጥብ ገደማ ይበልጣሉ። ቀጥለው ያዩት ነገር ግን አስቆመኝ። ሁለተኛ ሆነው ተወልደው ታላቃቸው በሕፃንነቱ የሞተባቸው ልጆች ውጤት ከበኩሮች ጋር ተቀራረበ። ማህፀን ሁለተኛ ብሎ የላካቸው ልጆች ቤት ውስጥ አንደኛ ሆነው አደጉ፤ ውጤቱም ማህፀኑን ሳይሆን ቤቱን ተከተለ።

ይህን ሳነብ ምትኩ የሚባሉ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፤ እኛ አገር ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ የሚሰጡ ስሞች። እንዲህ ብሎ ስም ያወጣ ወላጅ ተራ ማለት ቤቱ የሚሰጠው ቦታ መሆኑን ያውቃል። ምትኩ ያንን ቦታ ይዞት አልተወለደም፤ ተሰጠው።

ደግሞስ ነገሩ የተፈጥሮ ቢሆን ድንበር ሲሻገር ይገለበጥ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የኢኳዶር ጥናት የተሻለ የሚሆንላቸው ታላላቆቹ ሳይሆኑ ታናናሾቹ ናቸው። ያሬድ ሰይድና ሽፈራው ጉርሙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦችን መረጃ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ልጁ በልደት ተራ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ሥራ ላይ የመሰማራት ዕድሉ ይቀንሳል። ሥራው ታላቁ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ እኔ ጥናት አላስፈለገኝም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል እያለ አባታችን ታመመ። ሱቁ መከፈት ነበረበት፤ ከፈተው። እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እሱ በሸጠው ጨርቅ ነው። ዛሬ ዘመድ ሲሰበሰብ «እሱ ከጥንቱም ነጋዴ ሆኖ ነው የተወለደው፤ በኩር አይደል?» ይባላል። በቅን ልብ ነው የሚሉት፤ ማመስገናቸው ነው። ምስጋናው ውስጥ ግን አንድ ነገር ይጠፋል። ተፈጥሮው ከሆነ አልከፈለም ማለት ነው፤ ካልከፈለ ደግሞ ማንም ዕዳ የለበትም። የዱቤ ደብተራችን ላይ አምስት ሜትር አቡጀዲ የወሰደ ሰው ስም ይጻፋል። የእሱን ሦስትና አራት የትምህርት ዓመታት የት እንደምንጽፋቸው ግን አላውቅም። አሁን ጭራሽ መሰረዣ አይጥ ተገኘላቸው።

እሺ፣ አይጦቹ አሥር ሺህ ይሁኑ። ከየእናታቸው ተለይተው በትክክል ይቆጠሩ። በኩር በእርግጥም ጠንካራ ነው ይባል። ከዚያስ? አንድ ተሸካሚ ጫንቃው ሰፊ ስለሆነ «አንተማ ለዚህ ነው የተፈጠርከው» ተብሎ ሒሳቡ ቢከለከል መርካቶ በአንድ እግሯ ትቆማለች። መቻል አንድ ነገር ነው፣ መስማማት ሌላ፣ መከፈል ደግሞ ሌላ። ለተሸካሚው የገባን ነገር ለታላቅ ልጅ ለምን እንደሚጠፋብን ይገርመኛል። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ መሸጡን ስንሰማ ያደግነው ስለ ሆዱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ብኩርና የሚሸጥ መሆኑ ነው። ጠባይ አይሸጥም፤ የሚሸጥ ነገር መብት ነው፣ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፍ። ሁለቱ ደግሞ መንታ ነበሩ፤ እንደ አይጦቹ፣ ተከታትለው የወጡ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሱቃችን ማዶ ቅመም የሚሸጡ እትዬ፣ ትልቋ ልጃቸው ከመስከረም ጀምሮ ማታ እንድትማርና ቀን ሱቅ እንድትውል መወሰናቸውን ነገሩኝ።

«በኩር ናት፣ ትችላለች» አሉ። «ትንሹ ሱቅ አይሆንለትም።»

«ሞክሮ ነው እትዬ ያልሆነለት?»

«ኧረ እሱ መቼ ተቀምጦ ያውቅና!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ ማን ይቀመጥ? አንቺ ትቀመጪልኛለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ይህ ጥያቄ ከቪዲዮዎቹ ሁሉ ይሻላል፤ ቢያንስ ከአንድ በላይ መልስ አለው።

«ተራ በተራ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ትንሹማ መልስ አሳስቶ ያከስረኛል።»

ልጅቷ ኮረሪማ እየመዘነች ነበር። ከሚዛኑ ቀና ሳትል «እኔም መጀመሪያ አሳስት ነበር» አለች።