ጣራው የማን ነበር?

ቀኝ እጄ ግንባሬ ድረስ አይደርስም። ሳማትብ ግንባሬን ወደ እጄ ዝቅ አደርገዋለሁ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ ውስጥ የአንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ስለስን የቆምሁበት ጣውላ ተሰብሮ ነው የወደቅሁት።

ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ «አብሽር» አለኝ። ክርስቲያኑ «እግዜር ያመጣው ነው፣ እሱው ይማርህ» አለ፤ ሙስሊሙ «የአላህ ቀደር ነው፣ ያሽርህ» አለ። ቃሉ በእውነት አጽናንቶኛል። በሕይወት መትረፌን ሳስብ ዛሬም የፈጣሪ ሥራ ነው እላለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ግን ያው ቃል ከሌላ አፍ መጣ። አሠሪዬ የመጀመሪያውን የሕክምና ወጪ ከከፈለ በኋላ እጁን ሰብስቦ ነበር። ካሳ ስጠይቅ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ሠራተኛው የደኅንነት ቀበቶ ሳያስር በመሥራቱ በራሱ ጥፋት ስለወደቀ ድርጅቱ አይጠየቅም የሚል። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላከ። «ልጄ፣ ፈጣሪ ያመጣውን ከሰው አትጠይቅ» አሉኝ።

ወረቀቱ ጥፋቱን በእኔ ላይ ጣለ፤ ሽማግሌው ለእግዜር ሰጡት። ስለ ጣውላው አንድም የተናገረ አልነበረም። ጣውላው ለኮንክሪት ሙሌት ሲያገለግል የኖረ፣ ምስማሩ እየተነቀለ የተቦዳደሰ፣ ክረምትና በጋ የተፈራረቀበት ነበር። መወጣጫው በዳር በኩል መያዣ አልነበረውም። ቀበቶ የሚባል ነገር በዚያ ሥራ ላይ በዓይኔ አላየሁም።

ያን ጊዜ አልጋ ላይ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ብከስ እግዚአብሔርን መክሰስ ይሆንብኛል? ልጅ ሆኜ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዳዊት ደግሜያለሁና ጥያቄው ቀላል አልነበረም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች ትዝ ይሉኝ ጀመር። ወንጌሉ እንደሚነግረን ጌታችን እነዚያ ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች አልነበሩም ብሏል። የወደቀን ሰው «ምን አጥፍቶ ይሆን» ብሎ መመርመር ያኔውኑ ተዘግቷል ማለት ነው። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ያለዚያ ከዚያ ጣራ የሚወድቅ ሰው ደም በቤቱ ላይ ይሆናል። ይህን ትእዛዝ ስንት ጊዜ አልፌው እንደሄድሁ እንጃ። ግንበኛ ሆኜ ከወደቅሁ በኋላ ሳነበው ግን ሙሴ እኛን ያየን መሰለኝ። እግዚአብሔር ራሱ መከታ ሥሩ ካለ፣ መከታው ስላልተሠራ የወደቀውን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለት የእሱን ትእዛዝ በእሱ ስም መሻር ነው። ይህን ሐሳብ ለጎረቤታችን ለአንድ ሼህ ባጫውታቸው፣ ነቢዩ ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ ላለው ሰው መጀመሪያ እሰራት ማለታቸውን ነገሩኝ።

መክሰስ እግዚአብሔርን መክሰስ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ክርስቲያን ሆኜ አሠሪዬን ይቅር ማለት አለብኝ ወይ የሚለው ግን ከበደኝ። የነፍስ አባቴን «አባ፣ ብተወው አይሻልም?» አልኋቸው።

«ዕዳው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ምኑን ነው ይቅር የምትለው?»

ሌላም ነገር አስታወሱኝ። የሐይቁ አባ ኢየሱስ ሞዓ ዓለምን የናቁ መነኩሴ ነበሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለእስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል ግን ማን ለማን እንደሰጠው በራሱ ላይ ተጽፎበታል። አባቶቻችን ርስትና ስጦታን በወንጌል ኅዳግ ሲጽፉ የኖሩት እምነት ጎድሏቸው አልነበረም። የሚገባው ለሚገባው እንዲደርስ፣ ነገ ማንም እንዳይክድ ነው።

ክሱን ያስገባሁት በወደቅሁ በዐሥረኛው ወር ነው። ከሁለት ወር በላይ ብዘገይ ኖሮ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገድብኝ ነበር። የዳኝነትም አልከፈልሁም፤ ሠራተኛ ለእንዲህ ያለ ክስ አይከፍልም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ነጻ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም አካሉንም አእምሮውንም መግዛት እስኪያቅተው ሰክሮ ሲመጣም እንደዚያው ይቆጠራል። ሕግ ዐዋቂ ይህን ሲያነብልኝ የዘዳግም መከታ ነው የታወሰኝ። ሁለቱም ጣራው የማን ነበር ብለው ይጀምራሉ።

ዳኛዋ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ቀበቶ ተሰጥቶት የፈረመበት ወረቀት አለ? አልነበረም። አብሮኝ ሲሚንቶ ያቦካ የነበረ ጓደኛዬ ቁርኣን ይዞ ምሎ ስለ ጣውላው መሰከረ። በማግሥቱ ከዚያ ሥራ ተባረረ። ለእኔ ሕጉ ካሳ ቆርጦልኛል፤ ለእሱ ግን ማን ምን እንደቆረጠለት እግዜር ይወቀው። ባሰብሁት ቁጥር ከእጄ ይልቅ ይህ ያመኛል።

የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን 30 በመቶ አለው። ቀን 250 ብር፣ በወር 24 ቀን ስለምሠራ ደመወዜ 6,000 ብር ሆኖ ተያዘ። ጡረታ ውስጥ አልተመዘገብሁምና የዓመቱ ደመወዝ በአምስት ተባዝቶ 360,000 ብር፣ ከዚያ ላይ 30 በመቶው 108,000 ብር ተወሰነልኝ። ገንዘቡ የተከፈለኝ ዕለት ለአሠሪዬ ይቅር ለእግዚአብሔር አልሁት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታዬ ያን ቀን እውነተኛ ነበር። ያን ጊዜ አልጋ ላይ ሆኜ ብለው ኖሮ ፍርሃት ነበር የሚሆነው።

ዛሬ በሐይቅም በውጫሌም ፎቅ የምታሠሩ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቤቱ ሲያልቅ ቄሱን ለጸበል፣ ሼሁን ለዱዓ እንደምትጠሩ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት፣ ልስኑ ሳይጀመር፣ ራሳችሁ መወጣጫው ላይ ውጡና ጣውላውን በእግራችሁ ሞክሩት።