የማለዳ ቀዝቃዛ ውኃና የልብ ጽናት

ምእመናን ሆይ! በዘመናችን ብዙ ሰዎች በማለዳ ተነሥተው በቀዝቃዛ ውኃ የመታጠብን ልማድ ይዘዋል፤ ይኸውም አእምሮን ያበረታል፣ ጭንቀትንም ያስታግሣል ብለው ነው። እኛም ልማዱን ሳንነቅፍና ሳናጋንን ልንመረምረው ይገባናል።

ብርድ ሥጋን በድንገት ሲያገኘው ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊትም ከፍ ይላል። ስለዚህ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረው። በጤና ያለው ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ እየገባ ቢደጋግመው ድንጋጤው እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህም ሥጋ «አይሆንልኝም» ባለ ጊዜ ፈቃድ ሊያዝዘው እንደሚችል እንማራለን፤ ጾምና ስግደትም የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ብርድን መታገሥ ብቻውን ጽናት አይባልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ320 ዓ.ም. ገደማ በሰብስጥያ፣ ይኸውም ዛሬ በቱርክ አገር ሲቫስ በምትባለው ከተማ፣ 40 ክርስቲያን ወታደሮች ሃይማኖታችንን አንክድም ስላሉ ዕርቃናቸውን በበረዶ ላይ እንዲያድሩ ተፈረደባቸው። ለሚክድም ሰው ሙቅ መታጠቢያ በአጠገባቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ከእነርሱ 39ኙ ጸኑ፤ አንዱ ግን ወደ ሙቁ ሸሸ። ያን ጊዜ ከጠባቂዎቹ አንዱ ልብሱን ጥሎ በሸሸው ፈንታ ገባና ቍጥሩን ሞላ። ቤተ ክርስቲያናችንም መጋቢት 13 ቀን ታስባቸዋለች።

እንግዲህ እናስተውል። የሸሸው ሰው ብርዱን ከባልንጀሮቹ ጋር ሲታገሥ ቆይቶ ነበር፤ ጠባቂው ግን ከበረዶው ውጭ ነበረ። እርሱን ያጸናው የቆዳው ልምምድ ሳይሆን የልቡ ፍቅር ነው።

ስለዚህ በማለዳ በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበ ሰው ቁርስ ዘገየብኝ ብሎ በቤተ ሰቡ ላይ የሚቈጣ ከሆነ፣ ቆዳው እንጂ ልቡ አልተለማመደም። ብርድን ወድዶ የሚቀበል ሁሉ ሳይወድ በደጅ በብርድ የሚያድረውን ድኻ ያስብ፤ ካለው ልብስም ያካፍለው። በጭንቀት ወይም በኀዘን የተያዘውንም ወንድሙን «እንደ እኔ በርታ» ብሎ አይንቀፈው፤ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ወደ ሐኪምም ያድርሰው እንጂ።

ውኃው ከእንቅልፍ ያነቃናል፤ የነቃንለትን ሥራ መሥራት ግን የእኛ ፈንታ ነው። ለዚህም አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።