በካራቫን መኖር ነፃነት ነውን?

ካራቫን የሚለው ቃል በማኅበረሰባችን ዘንድ ሲነሣ ደስ የሚል ነገር አይታሰበንም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ ከሆቴልና ከመርከዝ ቅሊጣ ቀጥሎ የገቡት በካራቫን ሰፈር ነበር። በኢየሩሳሌም ጊቭዓት ሃማቶስ፣ በቤር ሼቫ አጠገብ ናሐል በቃ፣ በአኮ አጠገብ ሐጽሮት ያሳፍ ተብለው የሚጠሩትን ስፍራዎች የማያስታውስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደኅና ቤቱን ሸጦ በገዛ ፈቃዱ ካራቫን የሚገባ ሰው አለ ቢባል ሽማግሌዎቻችን «ምን ነካው?» ማለታቸው አይቀርም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ግን በአውስትራሊያ በብዛት ይገኛሉ። ካራቫኑን ከመኪናቸው ኋላ እየጎተቱ፣ አውትባክ በሚባለው ሰፊና ደረቅ የመሐል አገር ዓመቱን ሙሉ ይዘዋወራሉ። ከዳርዊን ተነሥቶ ወደ ደቡብ እስከ ፖርት ኦገስታ የሚወርደው ጎዳና ከ2,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በናላርቦር በኩል ደግሞ 146 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም ኩርባ የሌለው መንገድ አለ። ጡረታ የወጡት ስለሚበዙ የአገሩ ሰው «ሽበታም ዘላኖች» ይላቸዋል። ጡረታ የሌላቸው እየሠሩ ይሄዳሉ። በካትሪን አካባቢ ማንጎ ሲደርስ ማንጎ፣ በሚልዱራ ወይን ሲደርስ ወይን ይለቅማሉ፤ በረሃ መካከል ባለ ነዳጅ ማደያ ምግብ ያበስላሉ፣ በከብት እርባታ አጥር ይጠግናሉ። ዛሬ በሳተላይት ኢንተርኔት የድርጅት ሒሳብ የሚሠሩም አሉ።

እነዚህ ሰዎች ነፃ ናቸውን? ጎረቤት ቢያስቸግራቸው ወይም አሠሪ ቢበድላቸው በማግስቱ መኪናቸውን አስነሥተው ይሄዳሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ካራቫን ስሙ የመንገደኛ ነው እንጂ ከቆመበት የሚነቃነቅ አልነበረም፤ መቼና ወዴት እንደሚወጣ የሚወስነውም የቢሮ ሰው ነበር። ቆርቆሮው አንድ ዓይነት ሆኖ ኑሮው የተለያየው በዚህ ነው። ይሁን እንጂ መሄድ መቻል ብቻውን ነፃነት ነው ብለን ለመቀበል እንቸገራለን።

በነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ ሁለት ነገር ተጽፎ እናገኛለን። በምዕራፍ 35 ቤት የማይሠሩ፣ ወይን የማይተክሉ፣ ዕድሜያቸውን በድንኳን የሚኖሩ ሬካባውያን ይመሰገናሉ። በምዕራፍ 29 ደግሞ ወደ ባቢሎን የተማረኩት ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ይታዘዛሉ። አንዱ ነቢይ ሁለቱን እንዴት አስማማ? እንደሚመስለን ሬካባውያን የተመሰገኑት የአባታቸውን ቃል ስለ ጠበቁ ነው፤ ድንኳኑ ምልክት ነበር። እነርሱ በአባታቸው ቃል፣ ምርኮኞቹም በከተማይቱ ደኅንነት የታሠሩ ናቸው። የአውትባኩን መንገደኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ አንተስ ከማን ጋር ታስረሃል?

መንገደኛው ይህን ጥያቄ ባይወደውም ኑሮው ራሱ ይጠይቀዋል። በበረሃው ቢታመም የሚደርስለት እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ነው። ልጆቹ በርቀት የሚማሩበት ዘዴም በአሊስ ስፕሪንግስ እ.ኤ.አ. በ1951 በሬዲዮ ለእርባታ ልጆች ከተጀመረው ትምህርት የመጣ ነው። ውኃ የሚቀዳበት፣ የመጸዳጃውንም ዕቃ የሚያራግፍበት ትንሽ ከተማ አለ። የሚሄደው፣ የማይሄዱ ሰዎች ስላሉ ነው። ማንጎውን ለቅሞ፣ ደመወዙን ተቀብሎ፣ የከተማይቱን ስም እንኳ ሳያውቅ ማለፍ ኃጢአት ነው አንልም፤ የሚያኮራ ግን አይመስለንም።

ደግሞም ያ ምድር ባዶ አልነበረም። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ጀምሮ ይዘዋወሩበታል፤ መንገዱም፣ የውኃው ጉድጓድም በትውልድ አደራ የተያዘ ነው። ይዘዋወራሉና ባለቤት አይደሉም ተብሎ ነበር መሬታቸው የተወሰደው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያን አስተሳሰብ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1992 በማቦ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ነው። ርስት ተነፍጎ፣ «ፈለሰ» ከሚል ቃል በመጣ ስም ሲሰደብ ለኖረ ሕዝብ ይህን ነገር ማስረዳት አያስፈልግም።

በእኛ ሰፈሮች «ጊዜያዊ ነው» ተብለው ሳለ በካራቫኑ ደጃፍ ጤና አዳምና ጎመን የተከሉ እናቶች ነበሩ። አንዳንዶች በጊዜው ይስቁባቸው ነበር። ማሽካንታ ተገኝቶ ቤት ሲገዛ ጤና አዳሙን ከነአፈሩ በቆርቆሮ ይዘው የወጡ አሉ፤ ቀሪውንም ገና ተራቸውን ለሚጠብቁት ጎረቤቶች ትተውላቸዋል።