መላ ያልተጨመረበት ዘጠና

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው «ሰው ያለውን አትመን፤ ሄደህ በዓይንህ እይ» ብሎ ነው። ምሳሌው ግን አትስማ አላለም። ስማ፣ ከዚያ ተናጋሪው የት ቆሞ እንዳየው፣ ምን እንዳላየ መርምር ነው የሚለው። ያልሰማ ሰውማ መላውን በምን ላይ ይጨምራል?

ምሳሌውን ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ልውሰደው። በሸካ ደን መካከል እንዳለችው እንደ ማሻ ዝናብ በሚበዛበት ከተማ፣ ጣሪያ ያለውና ጨዋታ የሚገኝበት ቤት የወጣት መዋያ ነው። አንዱ ልጅ ዩቲዩብ ላይ «ከ100 90 አገኘ» የተባለ ጌም አይቶ ይመጣል። ቤቱ ያለው ግን ብዙ ዓመት ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ነው። የተወራለትና እዚህ የሚከፈተው አንድ ጌም ናቸው?

የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ «ሳይበርፐንክ 2077»ን ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ ገምጋሚዎች ቀድመው የሰጡት ነጥብ፣ ነጥቦችን በሚሰበስበው ሜታክሪቲክ በተባለው ድረ ገጽ ላይ፣ 90 አካባቢ ነበር። ሰዎቹ አልዋሹም። የተላከላቸው የኮምፒውተሩ ቅጂ ነበር፤ ያውም ጌሙ እስኪወጣ ድረስ ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩ ተከልክለው። በፕሌይስቴሽን 4 የከፈተው ሰው ያገኘው የሚቆራረጥ ምስልና በመሀል የሚዘጋ ጌም ነው። ሶኒ በሳምንቱ ከኦንላይን መደብሩ አወጣው፣ እስከ ሰኔ 2013ም አልመለሰውም። ኋላ ተጠግኖ፣ መስከረም 2016 ላይ በወጣው ትልቅ ማሻሻያ ስሙ ታደሰ፤ ያ ማሻሻያ ግን ለፕሌይስቴሽን 4 አልተሠራም። ሁለት ጊዜ ተመሰገነ፣ ሁለቱም ጊዜ ምስጋናው እውነት ነበር፣ ሁለቱም ጊዜ ባለ አሮጌው ማሽን አልደረሰውም።

ታዲያ «ማየት ማመን ነው» ብለን እንዝጋው? እሱም እንደሚባለው አይደለም። «ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2» ሰኔ 2012 ሲወጣ ባለሙያዎቹ 90ን ያለፈ ነጥብ ሰጡት። ጌሙን መጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በወጣ በሰዓታት ውስጥ ግን እጅግ ብዙ «ተጫዋቾች» የመጨረሻውን ዝቅተኛ ነጥብ እየሰጡ ሜታክሪቲክን አጥለቀለቁት። ቆይቶ ሜታክሪቲክ አንድ ጌም በወጣ በ36 ሰዓት ውስጥ ተጫዋቾች ነጥብ እንዳይሰጡ ከለከለ። ራሴ ተጫውቼዋለሁ ባዩ ሁሉ ተጫውቶታል ማለት አይደለም።

የእግር ኳስ ጌም ሲሆን ነገሩ ይለያል። መስከረም 2014 የኮናሚ «ኢፉትቦል 2022» ሲወጣ፣ የኮምፒውተር ጌም መደብሩ ስቲም ላይ ተጫዋቾች የሰጡት ነጥብ እጅግ የወረደ ነበር፤ ትክክል ነበሩ። የኳስ ጌም ጉድ በአንድ ማች ይታያል። ፕሌይስቴሽን ቤትም የሚሠራው በማች ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ጆይስቲኩ ወደ ተረኛው ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱ ስለ ኳስ ጌም የሚሰጠውን ፍርድ ከማንም ገምጋሚ አስበልጬ አምናለሁ። ረጅም ታሪክ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚከፈት ጌም ግን እዚያ ዕድል የለውም። ሩብ ሰዓት ተሞክሮ «ይደብራል» ይባልና ይወጣል። መብራት መሀል ላይ ከሄደማ እሱም አልተሞከረም። ለእንዲህ ያለው ጌም 30 ሰዓት የተቀመጠበት ገምጋሚ ያስፈልገናል።

ከማሻ ወደ ቴፒና ሚዛን ወረድ ቢሉ አገሩ የቡና ነው፤ ቡና ደግሞ ዳኝነትን ያውቅበታል። ቀማሹ ስኒው የማን እንደሆነ አይነገረውም፤ የሚያየው መለያ ቁጥር ነው። አቆላሉ፣ ውኃው፣ ልኩ ለሁሉም አንድ ነው። ከ100 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ስፔሻሊቲ ይባላል። ቀማሹ ግን ስኳርም ጨውም አይጨምርበትም። ቤቱ ቅቤ ጣል አድርጎ ለሚጠጣ ሰው ነጥቡ የሚነግረው ፍሬው ጉድለት እንደሌለበት ነው፤ ይጣፍጠው አይጣፍጠው የሱ ፈንታ ነው። የጌም ገምጋሚ የዚህን ቀማሽ ያህል እንኳ አልታደለም። የማን ሥራ እንደሆነ እያወቀ፣ ኩባንያው ቀድሞ በላከለት ቅጂ፣ ብዙ ጊዜም ከእኛ በተሻለ ማሽን ይጫወታል።

እኔ የምሰማው ገና ሲጀምር በምን ማሽን፣ በየትኛው ማሻሻያ፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ የሚናገረውን ነው። ይህን ያልተናገረ ገምጋሚ 95 ቢሰጥም የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ሲዲውን ለመግዛት ባይቸኩል ይሻለዋል። ደግሞም ትልልቆቹ ገምጋሚዎች ፊታቸውን ወደ ፕሌይስቴሽን 5 ካዞሩ ቆይተዋል፤ አዳዲስ ጌሞችም ለአሮጌው ማሽን መሠራታቸው እየቀነሰ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚቆራረጥ የሚያውቁት ከእንግዲህ ቤቱን የከፈተው ሰውና ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ናቸው።