ደመወዝን ትቶ በብዕር ስለ ማደር

አንድ ሰው በኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ፤ ደመወዙ ሳይጓደልበት፤ አለቃውም ሳያስቀይመው፤ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ትቶ «ከእንግዲህ ወዲህ በብዕሬ አድራለሁ» ቢል፤ ደግ አደረገ እንበለውን? ወይስ ተሳሳተ? በዘመናችን ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች አይደሉም። በቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የተጻፈ ጽሑፍ በአፍታ ሩቅ አገር ስለሚደርስ፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሳይቀጠሩ በየጽሑፉ ዋጋ መቀበል ከቀድሞው ይልቅ ቀሎአል። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም።

ሥራውን የሚተው ሰው የሚያቀርበው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የጠፋ ገንዘብ ይተካል፤ ያለፈ ቀን ግን አይተካም። ከጧት እስከ ማታ በሌላ ሰው ጉዳይ የሚያልቅ ዕድሜ፤ ዋጋው የቱን ያህል ቢበዛ፤ የተሸጠ ዕድሜ ነው። መጻፍ የሚችል ሰው ስጦታውን ቀብሮ ቢሞት ራሱን ብቻ አልጎዳም፤ በጽሑፉ ሊጽናኑና ሊማሩ ይችሉ የነበሩትንም ሁሉ ጎዳ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም ወገን መስማት ይገባዋልና፤ ሌላውን ወገን ደግሞ እንስማ።

በእንግሊዝ አገር በርናርድ ባርተን የሚባል ባለቅኔ ነበረ። ይህ ሰው ውድብሪጅ በምትባል ከተማ በአንድ ባንክ ቤት በጸሐፊነት ይሠራ ነበር። ሚስቱ በወሊድ ስለ ሞተችበት አንዲት ሴት ልጁን ያሳድግ ነበር። ግጥሞቹ በሰው ዘንድ መወደድ በጀመሩ ጊዜ ባንኩን ትቶ በድርሰት ብቻ ለመኖር አሰበ፤ አሳቡንም ለወዳጁ ለቻርልስ ላም ገለጸለት። ላምም በ1823 ዓመት (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው) ደብዳቤ ጽፎ ከዚህ አሳብ እንዲመለስ አጥብቆ ለመነው። የምክሩም ፍሬ፤ ዛሬ የሚሰጥ ነገ የሚነሣ የመጽሐፍ ነጋዴ እጅ ከማየት ሌላው መከራ ሁሉ ይቀላል የሚል ነበር።

ይህን ምክር ከባድ የሚያደርገው የመካሪው ኑሮ ነው። ላም ራሱ ከ1792 ጀምሮ በሎንዶን በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሒሳብ ጸሐፊ ነበረ፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ መዋልንም አይወድም ነበር። ነገር ግን በ1796 እኅቱ ሜሪ በአእምሮ ሕመም ተይዛ እናታቸውን ገደለች። እርሱም ያን ጊዜ የ21 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፤ እኅቱ ዕድሜዋን ሁሉ በሕሙማን ቤት ተዘግታ እንዳትቀር ጠባቂዋ ሊሆን ቃል ገባ። ያ የሚያሰለቸው ሥራ እንግዲህ እኅቱን የሚያኖር ሥራ ነበረ። ይህም ሁሉ ሆኖ ብዕሩን አልጣለም፤ ከ1820 ጀምሮ «ኤልያ» በሚል ስም በመጽሔት ያወጣቸው ድርሰቶች ዛሬም ይነበባሉ። በ1825 ኩባንያው በዓመት 441 ፓውንድ ጡረታ ቈርጦ ባሰናበተው ጊዜ 33 ዓመት አገልግሎ ነበር። ነፃነቱም በመጀመሪያ እንዳደናገረው ራሱ በድርሰቱ ገልጾአል። ባርተንም ምክሩን ሰምቶ በ1849 እስኪሞት ድረስ ከባንኩ አልወጣም፤ ግጥሞቹን ማሳተም ግን አልተወም።

ታዲያ «ከሥራ አትውጣ» የሚለው ምክር ለሰው ሁሉ የሚስማማ ነውን? አይደለም። አንቶኒ ትሮሎፕ የተባለው ደራሲ በ1834 በ19 ዓመቱ በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ተቀጠረ። መጻፍ በጀመረ ጊዜ ጌቶቹን ጊዜ ስጡኝ አላላቸውም። ሌሊት በ11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ፤ ሰዓቱን በፊቱ አኑሮ፤ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል የመጻፍ ልማድ አደረገ። የሚቀሰቅሰውም ሽማግሌ አሽከር ስለዚህ ነገር በዓመት 5 ፓውንድ ይጨመርለት ነበር። በ1847 የታተመው የመጀመሪያው ልብ ወለዱ ምንም አላተረፈለትም። በ1855 ባወጣው «ዘ ዎርደን» በተባለው መጽሐፍም በዚያው ዓመት ያገኘው 9 ፓውንድ ከ8 ሺልንግ ከ8 ፔንስ ብቻ ነበረ። ከፖስታ ቤት የወጣው በ1867 ነው፤ እርሱም እንደ ላም 33 ዓመት ሠርቶ። ጡረታውን ትቶ ወጣ፤ ነገር ግን ጡረታው ሊሰጠው ይችል የነበረውን ያህል ገቢ የሚያስገኝ ገንዘብ አስቀድሞ አጠራቅሞ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፤ እርሱ ሳይሮጥ ታጠቀ።

ከእነዚህ ሰዎች ኑሮ የምንማረው ነገር ከመውጣትና ካለመውጣት የጠለቀ ነው። ከኩባንያ የወጣ ጸሐፊ ጌታ የሌለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንዱን ጌታ ትቶ ብዙ ጌቶች አግኝቶአል። ዛሬ የነጋዴን ዕቃ ያመሰግናል፤ ነገ የማያውቀውን ባለጸጋ የሕይወት ታሪክ ይጽፋል። አንዱ ከፋይ ቢዘገይበት ሌላው በር ላይ ይቆማል። የቤት ኪራይ ቀን በደረሰ ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ «ይህን ሐሰት አሳምረህ ጻፍልኝ፤ ዋጋህን እጥፍ አደርጋለሁ» ቢለው፤ የነፃነቱ ፈተና ያን ጊዜ ነው። እምቢ ለማለት የሚችል ከሆነ በእውነት ነፃ ወጥቶአል። የማይችል ከሆነ ግን በኩባንያው ወንበር ላይ ከነበረው ይልቅ ተገዝቶአል፤ ቀድሞ የሚሸጠው ጊዜውን ነበረ፤ አሁን የሚሸጠው ቃሉን ነውና። ላም በሒሳብ መዝገብ ላይ ቀኑን ሸጠ፤ ማታ የሚጽፈውን ግን ማንም አላዘዘውም።

ይህን ስንል ግን ደመወዝ ሁሉ ብዕርን ንጹሕ ያደርጋል ማለታችን አይደለም። ሠራተኛው ሕዝብን የሚያሳስት ቃል እንዲያቀነባብር የሚከፈልበት መሥሪያ ቤት አለ። በዚያ ያለ ሰው ቃሉን አስቀድሞ ሽጦአልና፤ መውጣቱ የምርጫ ነገር ሳይሆን ግዴታው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በብዕሩ ለማደር ባይችል እንኳ በሌላ ንጹሕ ሥራ እንጀራውን ይፈልግ።

ስለዚህ፤ አንባቢ ሆይ፤ ይህ አሳብ በልብህ ቢመጣ «ድፍረት አለኝን?» ብለህ አትጀምር፤ ድፍረት ለጥበበኛውም ለሞኙም የተሰጠ ነውና። ይልቁንስ ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። ፊተኛው፤ ጊዜ በጠበበብህ በዛሬው ኑሮህ ትጽፋለህን? ዛሬ አንድ ሰዓት አግኝቶ የማይጽፍ ሰው ነገ ዐሥር ሰዓት ቢያገኝ ዐሥሩንም ያባክናል። ሁለተኛው፤ ክፉ ጽሑፍ ጻፍ ባሉህ ጊዜ እምቢ ብለህ ስንት ወር ልትቆይ የምትችልበት ስንቅ አለህ? ሦስተኛው፤ በእጅህ የሚያድሩት ሰዎች አውቀውና ፈቅደው ነውን? የሚስቱንና የልጆቹን እራት ሳያማክራቸው ለራሱ ስም የሚከፍል ሰው ደፋር አይባልም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ያባከነ ይባላል እንጂ። እነርሱን አማክሮ፤ ችግሩንም አብረው ሊካፈሉ ተስማምተው ከሆነ ግን፤ ያን ጊዜ የሚወጣውን ሰው ልንመርቀው እንጂ ልንስቅበት አይገባንም።