ኢንተረስት፦ አንድ ቃል፣ አራት ትርጉም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከሚማሯቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዷ «ኢንተረስት» ናት። ስትታይ ቀላል ቃል ናት፤ መዝገበ ቃላት ገልጦ ለሚመለከት ግን ቢያንስ አራት ትርጉም አላት። የመጀመሪያው ጉጉት ወይም ዝንባሌ ነው፤ አንድ ልጅ ለሒሳብ ያለው ፍላጎት በዚህች ቃል ይጠራል። ሁለተኛው ጥቅም ነው፤ በራዲዮ «የጥቅም ግጭት» ሲባል የምንሰማው ከዚህችው ቃል የተተረጎመ ነው። ሦስተኛው ድርሻ ነው፤ በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው በድርጅቱ ላይ «ኢንተረስት» አለው ይባላል። አራተኛው ወለድ ነው።

ጉጉትም፣ ጥቅምም፣ ድርሻም በራሳቸው ሐራም አይደሉም። አራተኛው ግን ቁርኣን እጅግ በርትቶ ካወገዛቸው ነገሮች አንዱ ነው። ታዲያ የተፈቀደውና የተከለከለው እንዴት በአንድ ስም ሊጠሩ ቻሉ?

ነገሩ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን በብድር ላይ ጭማሪ መውሰድን ትከለክል ነበር፤ ያ ጭማሪም «ዩዡሪ» ይባል ነበር። ነገር ግን ተበዳሪው በቀጠሮው ሳይከፍል ቀርቶ አበዳሪው ቢጎዳ፣ የጉዳቱን ካሳ መቀበል ይችላል ተባለ። «ኢንተረስት» በመነሻዋ የዚህ ካሳ ስም ነበረች። እየዋለ ሲያድር በካሳ ስም ጭማሪ መውሰድ ተለመደ። በእንግሊዝ ሀገር በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1545 የወጣ ሕግ በዓመት ከመቶ እስከ 10 መቀበልን ፈቀደ። ሕጉ በ1552 ተሽሮ በ1571 እንደገና ተመለሰ። ዛሬ «ዩዡሪ» የሚባለው ከልክ ያለፈው ብቻ ነው። ልክ ነው የተባለው ደግሞ ጉጉትና ጥቅም በሚጠሩበት መልካም ስም ይጠራል።

በእኛም ቋንቋ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከልክ ያለፈውን «አራጣ» እንለዋለን፤ ስሙ ራሱ ያስፈራል። ሕግ የፈቀደውን ግን «ወለድ» እንለዋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች በብድር ላይ ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ወስኗል። ወለድ ማለት ገንዘብ ገንዘብን ወለደ ማለት ነው። ፍየል ሣር ግጣ፣ ውኃ ጠጥታ ትወልዳለች። ብር ግን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አይወልድም፤ ጭማሪውን ያመጣው የተበዳሪው ላብ ነው። በዐረብኛ «ሪባ» ማለት በግልጽ ጭማሪ ማለት ነው። ዛሬ ግን በዐረብ ሀገሮችም ብዙ ባንኮች «ፋኢዳ» ይሉታል፤ ትርጉሙም ጥቅም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኡመታቸው መካከል አስካሪ መጠጥን ሌላ ስም አውጥተው የሚጠጡ ሰዎች እንደሚመጡ ነግረውናል። ስም ሲለወጥ ብያኔው የተለወጠ የሚመስለው ሰው ከዚህ ሊማር ይገባዋል።

«ነጋዴስ ቢሆን ያተርፍ የለም ወይ? ልዩነቱ ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 275 ተጠቅሶ መልስ ተሰጥቶበታል፤ ንግድ ሐላል፣ ሪባ ሐራም መሆናቸው በዚያው ተነግሯል። ጥበቡን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሰው ለበዓል በግ ገዝቶ ሊነግድ 10,000 ብር ተበደረ እንበል፤ የሚመልሰው 11,000 ነው። በጎቹ ቢሞቱስ? አበዳሪው 1,000ውን ጭማሪ ከነዋናው ይጠይቃል። በሙዳራባ ግን ባለ ገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ጉልበቱን ያመጣል፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ሠራተኛው ሳያጠፋ ኪሣራ ቢመጣ፣ ባለ ገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣል። ሦስተኛው ትርጉም፣ ድርሻ፣ እውነተኛ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ኪሣራን የማይጋራ ድርሻ አለኝ ሊል አይችልም።

ውድ አንባቢያን! ጉዳዩ የባንክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለጎረቤቱ ብር ሲያበድር «እስክትመልስ ድረስ ልጅህ ሱቄ ውስጥ ያግዘኝ» የሚል ሰው ወለድ የሚባል ቃል አልተነፈሰም። ሆኖም የፊቅህ ሊቃውንት በብድር ላይ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ የሚገባ ጥቅምን ከሪባ ይቆጥሩታል። በተቃራኒው ደግሞ መልካም ስም ብቻውን አያጸድቅም። በሀገራችን ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ ለሆነ የባንክ አገልግሎት መመሪያ አወጣ፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። ይህ ብዙዎች ሲመኙት የኖሩት በር ነው። ቢሆንም ሙስሊም «ከወለድ ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ብቻ አይፈርምም። ውሉ ግዢ ነው ወይስ ብድር? ዕቃውን ማን ገዛው? ብዘገይ ምን ይጨመርብኛል? ብሎ ይጠይቃል፤ ያልገባውን ዓሊም ያማክራል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በስንብት ሐጃቸው፣ በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ የጃሂሊያን ሪባ ሲሽሩ በቅድሚያ የሻሩት የአጎታቸውን የዐባስን ነበር። ከቤታቸው ጀመሩ። እኛም ከቤታችን እንጀምር። በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 280 የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው፣ መማር ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ተነግሮናል። በሰፈራችን እንዲህ የሚጠበቅ ባለ ዕዳ አለን? ለወንድማችን ችግር የምናሳየው ጉጉትም «ኢንተረስት» ነው። ልጆቻችን የቃሏን ትርጉም ሲጠይቁን አራቱንም እንንገራቸው፤ የትኛው እንደሚጠቅማቸውና የትኛው እንደሚጎዳቸውም እንለይላቸው።

አላህ ሐላሉን የምንበቃቃበት ያድርግልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።