የሰው መለወጥ በምን ይታወቃል?

«ዓመል ያወጣል ከመሐል» የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቀዋለን። ነቢዩ ኤርምያስም ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይቻለው እንደሆነ ጠይቆአል። ወንጌል ግን ሰውን ሁሉ ወደ መለወጥ ይጠራል። ታዲያ አንድ ሰው «ተለወጥሁ» ሲለን፣ የተለወጠው ልቡ ነው ወይስ ልብሱ? ጥያቄውን ከዘፋኞች ዓለም በተወሰደ አንድ ምሳሌ እንመርምረው። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሎሬንዞ ኬሩቢኒ በ1966 በሮም ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የቫቲካን ሠራተኛ ነበሩ። በዳንስ ቤቶችና በሬዲዮ ሙዚቃ በማጫወት ጀምሮ፣ በ1988 «ጆቫኖቲ» በሚል ስም የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ ስሙ «ጎረምሶች» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ በራፕ የሚያንበለብለው ስለ ጭፈራ፣ ስለ ፈንጠዝያና ስለ ሞተር ብስክሌት ነበር። ወጣቶች ወደዱት፤ ብዙ ሐያስያን ግን ባዶ ጩኸት ነው ብለው ናቁት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዜማውም ቃሉም ሌላ ሆነ። አልበሞቹን «ሎሬንዞ 1992»፣ «ሎሬንዞ 1994» እያለ በገዛ ስሙ ይጠራቸው ጀመር። በ1992 ዳኛው ጆቫኒ ፋልኮኔ በማፍያ እጅ ሲገደሉ፣ ለመታሰቢያቸው ዘፈነ። በ1999 ከሉቺያኖ ሊጋቡዌና ከፒዬሮ ፔሉ ጋር ጦርነትን የሚቃወም ዘፈን አውጥቶ፣ ገቢው የጦርነት ሰለባዎችን ለሚያክመው ኢመርጀንሲ ለተባለ ድርጅት እንዲሰጥ ተደረገ።

በየካቲት 2000 ደግሞ በሳንሬሞ የዘፈን በዓል መድረክ ላይ ቆሞ፣ የድሆች አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ የጣሊያንን ጠቅላይ ሚኒስትር ማሲሞ ዳሌማን በራፕ ለመነ። ዓመቱ የኢዮቤልዩ ዓመት ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1994 በጻፉት መልእክት ኢዮቤልዩው ስለዚህ ዕዳ የሚታሰብበት ጊዜ እንዲሆን አሳስበው ነበር። የጣሊያን ፓርላማ በሐምሌ 2000 የዕዳ ማቃለያ ሕግ አወጣ። ይህ የብዙዎች ድካም ፍሬ እንጂ የአንድ ዘፋኝ ሥራ አይደለም፤ ቢሆንም እርሱ ስለ ራሱ ሊዘፍንበት የሚችለውን መድረክ በማያውቁት ሰዎች ስም ተጠቅሞበታል። አገራችንም ዕዳ ከተቃለለላቸው አገሮች አንዷ እንደ ነበረች እናስታውስ።

«በጎ ቃልም እኮ ይሸጣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዝናን የሚሻ ሰው በጭፈራም በጽድቅም ሊነግድ ይችላል። ሎሬንዞም ቢሆን ነቀፋ አላጣውም። ተፈጥሮን መጠበቅን በሚሰብክበት ዘመን፣ በ2019 በባሕር ዳርቻዎች ያዘጋጃቸው ታላላቅ ዝግጅቶች ለአእዋፍና ለአሸዋው ጎጂ ናቸው ሲሉ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ወቅሰውታል። እንግዲህ መለወጥ በአንድ ቀን ተፈጽሞ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ ትናንት የተለወጠ ዛሬም ይጠየቃል።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ዘኬዎስን እንመልከት። መለወጡ የታወቀው ከሾላው ዛፍ በመውረዱ ብቻ አይደለም፤ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፣ የበደላቸውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል በመግባቱ እንጂ። የእርሱ መለወጥ ለሌሎች ሰዎች ዕረፍት ሆነላቸው። በራሱ ዙሪያ ብቻ የሚሽከረከር ለውጥ ግን ስሙ ቢያምርም ልብስ መቀየር ነው።

ይህ በተለይ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚገባ ምክር ይመስለናል። በኋላው ወንበር ተቀምጦ ጠረጴዛ እየመታ በራፕ የሚያንጎራጉር ልጅ ይኖረን ይሆናል። በዛሬው ዘፈኑ ዕድሜውን ሙሉ አንፍረድበት፤ ምናልባት ያ አንደበት ነገ ለተጠቃ ይቆም ይሆናል። በጎ ቃል በተናገረ ማግስትም አክሊል አንድፋለት። በትዕግሥት አብረነው እንሁን፤ ቃሉ ለማን እንደሚጠቅም ራሱ እንዲጠይቅም እናስተምረው። ይህንኑ ጥያቄ አስቀድመን ለራሳችን ብናቀርበው ደግሞ የበለጠ ይሰማናል።